ላፕቶፓችሁን ሞቷል ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ፦ በድሬ ሙቀት ያረጀ ላፕቶፕ እንዴት እንደሚታደስ

ሰላም ጀማዓ፣ እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ መጣች፣ ዩኒቨርሲቲ ሶስተኛ ዓመት ናት፣ ፊቷ ጠቁሯል። ምነው ስላት "ሞቷል አሉኝ፣ አዲስ ግዢ አሉኝ" አለች። አንድ ጥገና ቤት ወስዳው ነው፣ ከፍተው እንኳን አላዩትም፣ አብርተው ትንሽ ጠብቀው ይሄ አርጅቷል ብለው መለሱላት። እኔን ደሞ እንደዚህ አይነት ነገር ከልቤ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም በዚህ ዓመት ብቻ ሞቷል የተባሉ አራት ላፕቶፖች እጄ ገብተው ሶስቱ ዛሬም እየሰሩ ነው፣ አራተኛው ቦርዱ ላይ ሻይ ፈሶበት ስለነበር አልተቻለም። ስለዚ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍላችሁ ብዬ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ግን አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት ከመበደራችሁ በፊት አንብቡት።

የእሷ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ፣ ማሽኑን ሚያስበው ቺፕ ማለት ነው፣ የኢንቴል 4ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5 ነው፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ይሄ ጀነሬሽን በፈረንጆች 2013 የወጣ ነው (በኛ ካላልኩ በቀር ከዚህ በታችም ዓመቱ በፈረንጆች ነው)፣ አሮጌ ነው፣ አልክድም። ግን አንድ ተማሪ ምን ይሰራበታል? ወርድ፣ ፒዲኤፍ፣ ብሮውዘር፣ ቴሌግራም፣ ፊልም። ለዚህ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ብዙ ሰው ያልገባው ነገር ላፕቶፕ ሁለመናው እኩል አያረጅም፣ ሚያረጀው ዲስኩ፣ ባትሪው፣ ፋኑ ላይ የተጠራቀመው አቧራና ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ነው፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም በኋላ ነው ሚሞተው። እዚ እኛ ጋ ድሬ ደሞ ሙቀቱና አቧራው ተደምሮ ይሄን እርጅና ያፈጥነዋል፣ አዲስ አበባ ላይ አምስት ዓመት ሳይከፈት ሚቆይ ላፕቶፕ እዚ በሁለት ዓመቱ ይታፈናል።

መጀመሪያ ምኑን እንዳመመው እወቁ

አብሩትና እጃችሁን ጎኑ ላይ አየር ሚወጣበት ቦታ አስጠጉ። ፋኑ እየጮኸ ሚወጣው አየር ግን ደካማ ከሆነ አቧራ ዘግቶታል። ፋኑ ጭራሽ ድምፅ ከሌለውና ታቹ ሚያቃጥል ከሆነ ፋኑ ቆሟል፣ እሱ ይቀየራል። አየሩ ደህና ሆኖ አንድ ነገር በከፈታችሁ ቁጥር ሚያስጠብቃችሁ ከሆነ ደሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፣ ዲስክ ሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተገትሮ ከቀረ ዲስኩ ነው ሚጎትታችሁ፣ ሜሞሪ ሚለው 90 ምናምን ከሆነ ራም አንሷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ሚባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለ፣ የዲስኩን ጤንነት በቀለም ያሳያችኋል፣ ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ መበላሸት ጀምሯል፣ ቀይ ከሆነ ዛሬውኑ ፋይላችሁን አውጡ። ስንት ሰዓት እንደሰራም ይነግራችኋል፣ ዩዝድ ላፕቶፕ ስትገዙ ራሱ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይሄን በፍላሽ ይዛችሁ ሄዳችሁ ክፈቱት፣ ሻጩ አዲስ ነው ምናምን ቢላችሁም ቁጥሩ ይናገራል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ሚል ድምፅ ካለው ደሞ ምንም ሳትነካኩ መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ።

ኮፒ ስል አንድ ነገር በጣም አደራ። ብዙ ሰው ሲ ድራይቭ ፎርማት ሲደረግ ዲ ላይ ያለው ይተርፋል ብሎ ያስባል፣ ልክ ነው ይተርፋል፣ ግን ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት ሁሉ፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው፣ የቴሌግራም ፋይል፣ እነዚህ ሲ ውስጥ ናቸው። አንድ ጓደኛዬ የመመረቂያ ጽሁፉን ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጦ ፎርማት አስደረገው፣ ከዛ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ውጪ ዲስክ ወይም ትልቅ ፍላሽ አውጡ፣ አንድ ሁለት ፋይል ከፍታችሁ መስራቱን አረጋግጡ፣ ከዛ በኋላ ነው ካቻቢቴ ሚነሳው።

አቧራው

ይሄ ክፍል ገንዘብ ብዙም አይፈልግም፣ ትዕግስት ነው ሚፈልገው። ጠዋት ሳይሞቅ ጀምሩት፣ 1 ሰዓት ላይ ፈጢራችሁን በልታችሁ ብትቀመጡ 4 ሰዓት ሳይሆን ትጨርሳላችሁ። ሚያስፈልጋችሁ ትንንሽ ኮከብ ካቻቢቴ፣ ያለቀ የሞባይል ካርድ ወይም የድሮ ኤቲኤም ካርድ፣ ንጹህ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ከፋርማሲ የተገዛ አልኮል፣ ንጹህ የጥጥ ጨርቅና ተርማል ፔስት ነው። ፔስቱን ኮምፒውተር ሚጠግኑ ሱቆች ጋ ታገኙታላችሁ፣ በትንሽ ሲሪንጅ ነው ሚሸጠው፣ አንዱ ለብዙ ላፕቶፕ ይሆናል፣ ከጎረቤት ጋር አዋጡበት።

አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው ከውጪ ሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ከዛ የማብሪያውን ቁልፍ 15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ነው። ባትሪው ውስጥ ከሆነ ታቹን እንደከፈታችሁ የመጀመሪያ ስራችሁ የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ መንቀል ነው፣ ይሄን ሳታደርጉ ምንም አትንኩ።

ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል። ነጭ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ታች በእስክርቢቶ ሳሉና እያንዳንዱን ብሎን ስታወጡ ከወጣበት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፉት። ረጅሙን ብሎን የአጭሩ ቦታ ላይ ካሰራችሁት ቦርዱን ወይም ኪቦርዱን ከስር ይወጋዋል፣ ደህናውን ላፕቶፕ የዛኔ ነው ምትገድሉት። ብሎን ሁሉ ወጥቶ እምቢ ካላችሁ በጉልበት አትሳቡ፣ ከጎማ እግሮቹ ስር ወይም ከዲቪዲው ስር የተደበቀ ብሎን አለ ማለት ነው። ዙሪያውን በካርዱ እያሾለካችሁ ቀስ ብላችሁ ፈልቅቁት። ኪቦርዱ ከላይ ሚነሳ አይነት ከሆነ ከስሩ ስስ ሪቦን ገመድ አለ፣ መቆለፊያዋን በጥፍራችሁ ብድግ አድርጋችሁ ነው ምታወጡት እንጂ አትጎትቱት።

የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ ስከፍተው ከላይ ሲታይ ያን ያህል ቆሻሻ አልነበረውም፣ እሷም ይኸው ንጹህ ነው አለችኝ። ፋኑን ፈትቼ ሳነሳው ግን ከፊቱ ያለችው ማበጠሪያ መሳይ ብረት፣ ሙቀቱ በእሷ በኩል ነው ሚወጣው፣ ጭራሽ አትታይም። አቧራው ተጋግሮ እንደ ፍራሽ ጥጥ ሆኗል፣ በሁለት ጥፍሬ ጫፉን ይዤ ስስበው እንደ ቁራጭ ጨርቅ ሳይበጠስ ሙሉውን ተነቅሎ መጣ፣ ግራጫ ነው፣ መሀሉ የፀጉር ክር ገብቶበታል፣ ውፍረቱ ብስኩት ያህላል። እሷ በእጇ ይዛ አገላብጣ አየችውና ዝም አለች። ያ ፋን ስንት ጊዜ እንደዛ ሲጮህ የነበረው አየር አጥቶ ነው፣ ታፍኖ ነው እኮ። ይሄን ነው እንግዲህ ሞቷል ያሏት።

ሲጸዳ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት እንዳይሽከረከር፣ በብሩሽ ክንፎቹን አንድ በአንድ ጥረጉ። አንዳንድ ልጆች ጎሚስታ ጋ ወስደው በኮምፕረሰር ያስነፋሉ፣ እባካችሁ ይሄን አታድርጉ፣ የጎሚስታ አየር ግፊቱ ከባድ ነው፣ ታንኩ ውስጥ ውሃም ይጠራቀማል፣ ያ ውሃ ቦርዱ ላይ ይረጫል፣ ፋኑንም ከልኩ በላይ አዙሮ ይሰብረዋል። ብሩሽና ትንፋሽ ማስገቢያ የጎማ ፓምፕ ይበቃል።

ከዛ ሂትሲንኩ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የተኛው የመዳብ ብረት ማለት ነው። ብሎኖቹ አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ሚል ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ፣ ስትፈቱ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ስታስሩ ከ1 ጀምራችሁ፣ አንዱን ሙሉ በሙሉ ሳታጠብቁ ሁሉንም በየተራ እያጠበቃችሁ ነው። የድሮው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ በአልኮል ጨርቁን እያረጠባችሁ ፕሮሰሰሩ እንደ መስታወት እስኪያበራ ጥረጉት፣ ይድረቅ። አዲሱን ፔስት የምስር ፍሬ ምታህል መሀሉ ላይ ጣል አድርጉ፣ በቃ፣ ብረቱ ሲጫነው ራሱ ይዘረጋል። ብዙ ማድረግ አይጠቅምም፣ ወደ ጎን ይፈሳል።

ከመጀመራችሁ በፊት ኮር ቴምፕ ሚባለውን ፕሮግራም ጭናችሁ ሙቀቱን ብትመዘግቡ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። የእሷ ዩቲዩብ ከፍቶ 97 ዲግሪ ነበር፣ ካጸዳነው በኋላ በዛው ክፍል በዛው ሰዓት 74። እንደዚህ አይነት ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እናንተ ላፕቶፑ ዘገየ ምትሉት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ በሙቀት ፍሬን ይዞ እየሄደ ነው።

ዲስክና ራም

ብር ሚወጣው እዚ ነው፣ ግን ከወጣ ብር ሁሉ ሚክሰው ይሄኛው ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጡ ሚሽከረከር ሳህንና እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ ሚሄድ ነገር አለው፣ አንድ ፋይል ለማግኘት መርፌው እዛና እዚ መሮጥ አለበት፣ ዊንዶውስ ሲነሳ ደሞ በሺህ ሚቆጠር ትንንሽ ፋይል ነው ሚጠራው። በእሱ ቦታ ምትተኩት ኤስኤስዲ ሚባለው አዲሱ የዲስክ አይነት ግን ሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። በቁጥር ካላችሁ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት አካባቢ ሲያነብ ተራው ሳታ ኤስኤስዲ ወደ 500 ይሄዳል፣ ትንንሾቹ ፋይሎች ላይ ልዩነቱ ከዚህም እጅግ ይሰፋል። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ በፊት ተነስቶ ብሮውዘር እስኪከፍት አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ይቀዳል፣ አሁን ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

ስትገዙ ታይዋን ገበያም ሂዱ ከዚራ ሱቆቹ ጋም ሂዱ፣ ቢያንስ ሶስት ቦታ ጠይቁ፣ ዋጋው ከሱቅ ሱቅ በጣም ይለያያል። የድሮውን ዲስክና ራም አውጥታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው፣ "እንደዚህ ሚገባ ስጠኝ" ማለት ነው፣ ስህተት አይኖርም። አሮጌዎቹ ላፕቶፖች ሚወስዱት ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ነው። ትንሽ አዲስ ከሆነ ኤም ዶት ቱ ሚባል እንደ ማስቲካ ቀጭን ሆኖ ሚሰካ አለ፣ እሱም ሳታና ኤንቪኤምኢ ሚባሉ ሁለት አይነቶች አሉት፣ መልካቸው ይመሳሰላል ግን አንዱ ባንዱ ቦታ ላይሰራ ይችላል፣ የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ጎግል አድርጋችሁ አረጋግጡ። መጠኑ 240 ወይም 256 ጊጋ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ስሙ የማይታወቅ 2 ቴራ ኤስኤስዲ በሚገርም ርካሽ ዋጋ ካቀረቡላችሁ ተጠንቀቁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ 2 ቴራ ብሎ ያሳያል ውስጡ ግን ከዛ በጣም ያነሰ ሆኖ ከሆነ ቦታ በኋላ የምትጽፉበትን ሁሉ ያጠፋዋል። ፍላሽም ላይ ይሄ ማጭበርበር አለ። ኤችቱቴስትደብሊው ሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ መልሶ በማንበብ እውነተኛውን መጠን ይነግራችኋል፣ ጊዜ ይወስዳል ግን ሻጩን "ሞክሬ ካልሆነ እመልሳለሁ" ብላችሁ ተስማሙና ሞክሩት።

ራም ላይ ደሞ 4 ጊጋን ወደ 8 ማድረስ ዛሬ ግዴታ ነው ባይ ነኝ፣ ብሮውዘር ብቻውን ሚበላው ብዙ ነው። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 አይገናኙም፣ የራሟ ጥርስ ላይ ያለው ክፍተት ቦታው ስለሚለይ አይገባም፣ በጉልበት አትጫኑት። የ4ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፖች ሚፈልጉት ዲዲአር 3ኤል ነው፣ ያቺ ኤል ፊደል በ1.35 ቮልት ሚሰራ ማለት ናት፣ ተራው 1.5 ቮልቱ ገብቶ ላይነሳ ይችላል፣ ስለዚ ከራሟ ላይ የተለጠፈውን ጽሁፍ አንብቡ። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች፣ ማክቡክ ኤርን ጨምሮ፣ ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ ሊጨመር አይችልም። ዩዝድ ምትገዙ ከሆነ ይሄን ቀድማችሁ አጣሩ፣ በኔ እምነት ራሙና ዲስኩ ሚቀየር ወፍራም ላፕቶፕ ከማይቀየር ውብና ስስ ላፕቶፕ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ

ዊንዶውስ 10 በ2015 ወጣ፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቆመ፣ በኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 መሆኑ ነው። ለተራ ተጠቃሚ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ሚያደርስ የደህንነት ማራዘሚያ ምዝገባ ከፍተዋል። ወደ ዊንዶውስ 11 ልሂድ ካላችሁ ደሞ ቲፒኤም 2.0 ሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፣ ኢንቴል ከሆነ ባብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽንና ከዛ በላይ ነው ሚቀበለው። ያ ማለት ከዛ በፊት የተሰራው ላፕቶፕ ሁሉ፣ ድሬ ውስጥ ተማሪውና ትንንሽ ቢሮው ሚጠቀምበት ማለት እኮ ነው፣ በወረቀት ላይ አርጅቷል ተባለ።

እኔ በዚህ አልስማማም። ሐረር ውጡና እዩ፣ በ1960 መሰራት ጀምሮ ፈረንሳይ ላይ በ1975 የቆመው ፔጆ 404 ዛሬም ታክሲ ሆኖ ሰው ይጭናል፣ ሞተሩን ሚያውቁ መካኒኮች ስላሉ ነው። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነበር ሚሰራው፣ እዛ አንድ ክፍል ሲሰበር ያ ክፍል ተቀርጾ ይቀየራል እንጂ ሎኮሞቲቩ አይጣልም፣ ድሬ ራሷ እኮ በ1902 ባቡሩ ስለደረሰ የተቆረቆረች የመካኒክ ከተማ ናት። በዛ ቤት ያደገ ሰው ሶፍትዌር ሰሪው ቀን ስለቆረጠ ብቻ ደህና ማሽን አይጥልም።

ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም የቲፒኤሙን መስፈርት አስቀርቶ ዊንዶውስ 11 መጫን ይቻላል፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ግን ማይክሮሶፍት ለነዚህ ኮምፒውተሮች አፕዴት እንደሚመጣ ዋስትና አይሰጥም። 8 ጊጋ ራም ላይ ይሄዳል፣ ቀለል ያለ ግን አይደለም። ከጓደኛ ፍላሽ ላይ የተገኘ ክራክ ዊንዶውስና ክራክ ኦፊስ ሚባለውን ግን አልመክርም፣ የባንክ አፕና የኢሜል ፓስወርድ ምታስገቡበት ማሽን ነው፣ ክራኩ ውስጥ ማን ምን እንደጨመረ አታውቁም።

እኔ ለእህቴ ልጅ የጫንኩላት በዊንዶውስ ፋንታ ሚጫነውን ሊኑክስ ሚንት ነው። ሊኑክስ ሲባል ሰው ይፈራል፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ኮማንድ መጻፍ ይመስለዋል፣ ግን ኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ ከርነሉ፣ የሲስተሙ እምብርት ማለት ነው፣ ሊኑክስ ነው፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ተማሪ እያለ የጀመረው ማለት ነው። ሚንት ታች በኩል ሜኑ አለው፣ መልኩ ለዊንዶውስ ሰው እንግዳ አይደለም። ኤክስኤፍሲኢ ሚባለውን አይነት ምረጡ፣ ቀላሉ እሱ ነው። ሚንት 22 በ2024 የወጣ ሲሆን እስከ 2029 ድጋፍ አለው፣ ነጻ ነው፣ ክራክ አያስፈልገውም። ፋየርፎክስ፣ ቴሌግራም፣ ዙም፣ ቪኤልሲ ሁሉም አሉ። ለወርድ ሊብረኦፊስ አለ፣ የወርድ ፋይል ይከፍታል፣ አንዳንዴ ሰንጠረዥና ገጹ ይንሸራተታል፣ ስለዚ ለመምህር ወይም ለማተሚያ ቤት ምትልኩትን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ።

ሌላው ሚያስደስተኝ ከሾርትከት ቫይረስ መገላገሉ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሻችሁን ሰክታችሁ ስትመለሱ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ያውቃል አይደል? ያ ቫይረስ ለዊንዶውስ የተጻፈ ነው፣ ሚንት ላይ አይነሳም፣ ኮንትሮልና ኤችን ስትጫኑ የተደበቁት እውነተኛ ፋይሎቻችሁ ብቅ ይላሉ፣ ሾርትከቶቹን አጥፍታችሁ ትሄዳላችሁ።

አሁን ደሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለሁሉም ሰው አይደለም። አካውንታንት ከሆናችሁና ፒችትሪ ሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም ምትሰሩበት ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ቆዩ። አውቶካድና ፎቶሾፕም እንደዛው። ለእነዚህ ኤስኤስዲና ራም ጨምራችሁ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ነው ሚያዋጣችሁ።

ለመሞከር እንዲህ ነው። ከሊኑክስ ሚንት ዌብሳይት አይኤስኦ ሚባለውን ፋይል አውርዱ፣ ወደ 3 ጊጋ ስለሚጠጋ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ ተኙበት፣ ወይም ካወረደ ጓደኛ በፍላሽ ውሰዱ። ውስጡ ምንም ሚጠቅም ነገር የሌለበት 8 ጊጋ ፍላሽ ሰክታችሁ በሩፈስ ጻፉት፣ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከዛ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ፍላሹን እንደሰካችሁ አብሩትና ወዲያው የቡት ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑ፣ ዴልና ሌኖቮ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ኤፍ 9፣ አሱስ ኢስኬፕ ነው ባብዛኛው። ፍላሹን ስትመርጡ ሚንቱ ከፍላሹ ላይ ሳይጫን ይከፈታል፣ እዛ ላይ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ዋይፋዩን ሞክሩ፣ ካልተመቻችሁ ፍላሹን ነቅላችሁ ወደ ድሮው ትመለሳላችሁ፣ ምንም አልተነካም። ዋይፋዩን ካላገኘው አትደንግጡ፣ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝታችሁ ቴተሪንግ አብሩ፣ ኢንተርኔት ይገባል፣ ከዛ ድራይቨር ማናጀር ሚለውን ክፈቱ፣ የጎደለውን ራሱ ይፈልጋል።

ከወደዳችሁት ዴስክቶፑ ላይ ኢንስቶል ሚለውን ተጫኑ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀስ በሉ፣ ዲስኩን ሙሉ አጥፍቼ ልጫን ወይ ብሎ ሚጠይቃችሁ ቦታ ላይ። አዲሱ ኤስኤስዲ ባዶ ስለሆነ አዎ ትላላችሁ፣ የድሮው ዲስክ አብሮ ተሰክቶ ከሆነ ግን የትኛውን እንደመረጣችሁ መጠኑን አይታችሁ አረጋግጡ።

አማርኛ መጻፍ

ይሄን ካልነገርኳችሁ ነገ ትረግሙኛላችሁ። ፓወር ግዕዝ ሊኑክስ ላይ የለም። ሶፍትዌር ማናጀር ውስጥ አይባስ ኤም 17 ኤን ብላችሁ ፈልጋችሁ ጫኑ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ አይባስ ማስተካከያው ውስጥ አማርኛ ሚለውን ጨምሩ፣ አጻጻፉ በድምፅ ነው፣ በእንግሊዝኛው ኪቦርድ selam ብላችሁ ስትመቱ ሰላም ይላችኋል። ኪማን ሚባለውም አለ፣ እሱ ዊንዶውስ ላይም ስልክ ላይም ስላለ አንዴ ከለመዳችሁት ሁሉም ቦታ አንድ አይነት ይሆንላችኋል። ፎንት ኖቶ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይበቃል።

ችግሩ የድሮ ፋይል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ ከዛ በፊት የተሰሩትና ከዛም በኋላ ቢሮዎች ለዓመታት ሲጠቀሙባቸው የነበሩት ፎንቶች አማርኛውን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው ሚያስቀምጡት፣ ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው ሁሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል። እንደዚህ አይነት ፋይል ካላችሁ ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ በአንድ ከፍታችሁ ፒዲኤፍ አድርጓቸው፣ ፎንቶቹንም ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። ይሄን ያላደረገ ሰው የእናቱን የውርስ ማመልከቻ በእጁ እንደገና ሲተይብ አይቻለሁ።

በድሬ ሙቀት እንዴት ይቆያል

አብዛኞቹ ላፕቶፖች ሚሰሩበት የአየር ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ብለው ነው አምራቾቹ ሚጽፉት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ቀኑን እዛው ነው ምትውለው። ስለዚ ከባድ ስራ፣ ቪዲዮ ማቀናበር ምናምን፣ ጠዋት ወይም ማታ ይሁን፣ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ከተማው ሲያርፍ ላፕቶፑንም አሳርፉት። ፍራሽ ላይ፣ ትራስ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡት፣ አየር ሚስብበት ታቹ ነው፣ በርጫ ላይ ተጋድማችሁ ፍራሹ ላይ ፊልም ስታዩ የመጀመሪያ ተጎጂው እሱ ነው። ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም ትሪ ከስር አድርጉ፣ ከኋላ ሁለት የለስላሳ ክዳን አስገብታችሁ ከፍ ብታደርጉት ራሱ ለውጥ አለው። ባጃጅ ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ቦርሳ ውስጥ አትተዉት።

ባትሪው አብጦ የመዳሰሻ ሰሌዳው ወደ ላይ ከተነሳ ወይም ታቹ ከተከፈተ መጠቀም አቁሙ፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትውጉት፣ አትጫኑት፣ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ሚያወልቅላችሁ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ባትሪ የሞተበት ላፕቶፕ በቻርጀር ብቻ ምትጠቀሙ ከሆነ ደሞ መብራት ሲጠፋ አብሮ ነው ሚጠፋው፣ ሲጻፍ የነበረ ፋይል ሊበላሽ ይችላል፣ እየጻፋችሁ በየደቂቃው ኮንትሮልና ኤስ ልመዱ። ቻርጀር ስትቀይሩ ቮልቱ ከድሮው ጋር እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላይ መሆኑን ጽሁፉን አንብባችሁ ግዙ፣ ጫፉ ገባ ማለት ይሆናል ማለት አይደለም። ጽዳቱን በዓመት አንዴ፣ ሙቀቱ ሳይመጣ ሚያዝያ ላይ ብታደርጉት ጥሩ ነው፣ ፔስቱ ሁለት ሶስት ዓመት ይቆያል።

ያወጣችሁትን ሃርድ ዲስክ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ ሰማያዊ ከነበረ፣ አትጣሉት። በዩኤስቢ ሚሰካ ባዶ ኬዝ ይሸጣል፣ ውስጡ አስገቡትና ኤክስተርናል ሆነላችሁ። የእህቴ ልጅ የድሮ 500 ጊጋዋን እንደዛ አድርገንላት አሁን አርብ አርብ ማታ አሳይመንቷን ሁሉ እዛ ላይ ትገለብጣለች። ለሰው ምትሰጡት ወይም ምትሸጡት ከሆነ ግን ዲሊት ማድረግ ብቻ አይበቃም፣ የጠፋ ፋይል መልሶ ሚያወጣ ፕሮግራም ማንም ጋ አለ፣ ዊንዶውስ ላይ ፎርማት ስታደርጉ ኩዊክ ሚለውን ምልክት አንሱት፣ ሰዓታት ይወስዳል፣ ሌሊት ሲሰራ ይደር።